1,600 የፀሐይ ሰዓት

ጋሼ የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። ከ30 ዓመት በላይ ሲያበርሩ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል። እኔ ቨርጂኒያ ውስጥ፣ ማናሰስ አውሮፕላን ማረፊያ፣ በሴስና 172 ተማሪ አስተምራለሁ። በዚህ አገር የአየር መንገድ ረዳት አብራሪ ለመሆን በደንቡ 1,500 የበረራ ሰዓት ያስፈልጋል፤ የእኔ ሎግቡክ ላይ ያለው 1,140 ነው። ጋሼ የልጅ ልጃቸውን ሊያዩ አሌክሳንድሪያ መጥተው ሳለ፣ አንድ እሑድ ቡናው ቶና ላይ ሲደርስ ሎግቡክሽን አምጪ አሉኝ። መነጽራቸውን አድርገው ገጽ በገጽ ማገላበጥ ጀመሩ። ከዚያ በኋላ የተባባልነውን የዚያኑ ዕለት ማታ እንዳስታወስኩት ጻፍኩት።

ጋሼ፦ ልጄ፣ ይህ ሁሉ ገጽ አንድ ነው እኮ። ማናሰስ ተነሳሽ፣ ማናሰስ አረፍሽ። ተነሳሽ፣ አረፍሽ።

እኔ፦ ዙር ነው ጋሼ። ተማሪው ይነሳል፣ ማኮብኮቢያውን ዞሮ ያርፋል፣ እንደገና ይነሳል። እኔ ከጎኑ ተቀምጬ እጠብቃለሁ። ሰዓቱ ግን ለእኔም ይቆጠራል። አብዛኞቻችን የምንሞላው እንዲህ ነው። አብሮኝ የተማረ ልጅ አውሮፓ ሄዶ ከ200 ብዙም ባልራቀ ሰዓት ኤርባስ ላይ ተቀምጧል።

ጋሼ፦ ቀናሽበት?

እኔ፦ ቀንቻለሁ፤ ለምን እዋሻለሁ። እርስዎስ በስንት ሰዓት ነው ቀኝ ወንበር ላይ የተቀመጡት?

ጋሼ፦ በ220። ዲሲ 3 ላይ። ጉልበቴ ይንቀጠቀጥ ነበር። አንቺ በመቆየትሽ ግን አላዝንም።

እኔ፦ እንዴት አያዝኑም? እርስዎ ራስዎ በ220 ገብተው!

ጋሼ፦ እኔ በ220 ስገባ ከጎኔ ማን ተቀምጦ እንደነበር እነግርሻለሁ፤ ያኔ ትፈርጃለሽ። መጀመሪያ ይህ 1,500 የሚሉት ከየት እንደመጣ ንገሪኝ። ወሬውን እሰማለሁ እንጂ ሥሩን አላውቀውም።

እኔ፦ ሥሩ ቡፋሎ ነው። እ.ኤ.አ. ፌብሯሪ 12 ቀን 2009 ማታ፣ ከኒውአርክ ወደ ቡፋሎ የሚበር የኮልጋን ኤር ዳሽ 8 አውሮፕላን ለማረፍ ሲቃረብ ክላረንስ ሴንተር የምትባል መንደር ውስጥ አንድ ቤት ላይ ወደቀ። የተሳፈሩት 49 ሰዎችና ቤቱ ውስጥ የነበሩ አንድ ሰው፣ በጠቅላላው 50 ነፍስ ጠፋ። ያን ጊዜ ለረዳት አብራሪ 250 ሰዓት ይበቃ ነበር። የሟቾቹ ቤተሰቦች የልጆቻቸውን፣ የባሎቻቸውን፣ የእህቶቻቸውን ፎቶ ይዘው ኮንግረስ ደጅ ጠኑ። ሕጉ በ2010 ወጣ፤ 1,500 ሰዓቱ ከ2013 ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ።

ጋሼ፦ አብራሪዎቹ ጀማሪዎች ነበሩ ማለት ነው።

እኔ፦ የሚያንገበግበኝ እሱ ነው፤ አልነበሩም። ካፒቴኑ 3,379 ሰዓት ነበረው፣ ረዳቷ 2,244። ዛሬ ያለው ደንብ በዚያ ሌሊት ቢኖር፣ በሰዓታቸው ብዛት ሁለቱንም አያግዳቸውም ነበር።

ጋሼ፦ ሲቀጠሩስ? ስንት ይዘው ነው የገቡት?

እኔ፦ እሱ 625 ገደማ። እሷ በራሷ አነጋገር 1,600።

ጋሼ፦ እሷማ ያኔም ከዛሬው ደፍ በላይ ነበረች በይኛ። ምን ሆነው ነው?

እኔ፦ አውቶፓይለቱ ከፍታውን ይዞ ሲበር ፍጥነቱ ወረደ። አላስተዋሉም፤ ከጥቂት ደቂቃዎች በፊት እንኳ ወሬ ላይ ነበሩ። መሪው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ያኔ ገና ስቶል ውስጥ አልገቡም፤ ክንፉ አየሩን እንደያዘ ነው። አፍንጫውን ትንሽ ዝቅ፣ ሞተሩን ሙሉ ማድረግ ይበቃ ነበር። ካፒቴኑ መሪውን ወደ ራሱ ሳበው። አውሮፕላኑ በራሱ ጊዜ አፍንጫውን ሊደፋ መሪውን ወደፊት ሲገፋ፣ እሱ እንደገና ሳበው። ረዳቷ ደግሞ ሳትታዘዝ ፍላፑን ሰበሰበች። አለቀ።

ጋሼ፦ ሳበው?... ይህንን እኮ በመጀመሪያዎቹ 20 ሰዓታት ነው የምናስተምረው።

እኔ፦ እኔም ለተማሪዎቼ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው የማሳያቸው። ግን ጋሼ፣ ከዚህ ሁሉ የሚያሳምመኝ ሌላ ነገር ነው። ከመውደቃቸው ከጥቂት ደቂቃዎች በፊት ሲጫወቱ ድምፃቸው ተቀርጿል። ልጅቷ 24 ዓመቷ ነው። ስትቀጠር 1,600 ሰዓት እንደነበራት፣ ሁሉም ፊኒክስ፣ አሪዞና ላይ የተበረረ እንደሆነ ትነግረዋለች። ክንፍ ላይ በረዶ ሲጋገር አይታ አታውቅም ነበር። ጓደኞቿ ቶሎ ካፒቴን አልሆንንም ብለው ሲያማርሩ፣ እሷ ግን ካፒቴን ከመሆኗ በፊት በዚህ በሰሜን ምሥራቁ አገር አንድ የብርድ ወራት ብታሳልፍ ደስ እንደሚላት ትናገራለች።

ጋሼ መነጽራቸውን አወለቁና ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። ጥቂት ጊዜ አልተናገሩም። እኔም ይህን ለሰው ስናገር ሁልጊዜ እዚህ ላይ ድምፄ ይሰበራል፤ የሥራ ባልደረባዬ እንደሆነች ያህል።

ጋሼ፦ 1,600 የፀሐይ ሰዓት። የጎደላትን በትክክል ታውቀው ነበር።

እኔ፦ አዎ። መርማሪዎቹ አውሮፕላኑን የጣለው በረዶው አይደለም ብለዋል፤ ይህን መሸፈን አልፈልግም። ግን ስለ ሰዓት ስንከራከር ከሷ የተሻለ የተናገረ ሰው አላገኘሁም። ሰዓት አልጠየቀችም፤ አንድ የብርድ ወራት ነው የጠየቀችው።

ጋሼ፦ መገናኛ–ፒያሳ 20 ዓመት የሠራ የታክሲ ሹፌር ታውቂያለሽ? የከተማውን ጉድጓድ ሁሉ በቃሉ ያውቃል። አባይ በረሃ ቁልቁለቱ ላይ አውርዱት እስቲ። ፍሬን ይይዛል፣ ይይዛል፣ ፍሬኑ ይግላል፣ ከዚያ በእግሩ ቢረግጠውም አይሰማም። በማርሽ መውረድ እንዳለበት የሚያውቀው አንድ ጊዜ ከሚያውቅ ሰው ጋር የወረደ ነው። 20 ዓመቱ ውሸት አይደለም፤ የሌላ መንገድ 20 ዓመት ነው።

እኔ፦ ደንቡ ራሱ ሲፈታ እንደዚያው ነው። 1,500 ይላል፤ ከዚያ ውስጥ በሌሊት መሆን ያለበት 100 ብቻ ነው። በመሣሪያ ብቻ የሚበረር 75። ሁለትና ከዚያ በላይ ሞተር ባለው አውሮፕላን 50። ያውም 75ቱን ዓይንን ጋርዶ፣ ከውጭ ፀሐይ እየወጣ መሙላት ይቻላል። አንድ ሰው ከደመና ውስጥ አንድ ቀን ሳይገባ 1,500 ይደርሳል። ከወታደር ቤት የመጣ በ750፣ የአቪዬሽን ዲግሪ ያለው በ1,000 ይገባል። ይህ መልካም ነው፤ ሰዓት ብቻውን ሚዛን እንዳልሆነ ሕጉም ያውቃል ማለት ነው። ታዲያ ለእኛ ለቀረነው ለምን ዝም ብሎ ቁጥር ይሆናል?

ጋሼ፦ ዝም ብሎ ቁጥር አይደለም። እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። በነዚህ 1,140 ሰዓታት ስንት ጊዜ መሪውን ከተማሪ እጅ ቀማሽ?

እኔ፦ ከምር? አራት ጊዜ። አንዱን አልረሳውም። ተማሪው ሊያርፍ ሲል አፍንጫውን ቶሎ ቀና አደረገው። ማኮብኮቢያው ገና ከኛ በታች ነው። ክንፉ ሲለቅ በመቀመጫዬ ተሰማኝ። ጋዙን ሙሉ ሰጥቼ፣ አፍንጫውን አለዝቤ ወጣሁ።

ጋሼ፦ የመጀመሪያው ጊዜና አራተኛው አንድ ነበሩ?

እኔ፦ አይደሉም። መጀመሪያ ላይ ቶሎ እቀማ ነበር፤ ልጁ ምንም ሳይማር። አሁን እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ፣ እስከ ምን ድረስ መጠበቅ እንዳለብኝ... ይታወቀኛል። እንዴት እንደሚታወቀኝ ግን ልነግርዎ አልችልም።

ጋሼ፦ ይኸው! ይህን በ220 ሰዓት እኔ አልነበረኝም። ሲሙሌተርም አይሰጥሽም፤ እዚያ ውስጥ ሰው ቢሳሳት ማንም እንደማይሞት ሁለታችሁም ታውቃላችሁ። አንቺ ማናሰስ ላይ የሌላውን ሰው ስህተት ስትጠብቂ የካፒቴን ሥራ እየተማርሽ ነው። ያ ሀድሰን ወንዝ ላይ ያረፈው ሰውዬ፣ ሱለንበርገር፣ ወደ 20,000 ሰዓት የቀረበ ነበር። ረዳቱም ከ15,000 በላይ። ረዳቱ ኤርባሱን ገና ተምሮ የጨረሰ፣ ያ የመጀመሪያ ጉዞው ነው። ግን ሁለቱም ሞተሮች ሲጠፉ እጁና ልቡ አልጠፉም። አዲሱ አውሮፕላን ላይ አሮጌው ሰዓት ሠራለት።

እኔ፦ ሱለንበርገር ዛሬም ለ1,500ው ሽንጡን ገትሮ ነው የሚከራከረው። ሁለተኛው ወንበር ላይ ተለማማጅ አይቀመጥ ይላል።

ጋሼ፦ ያየውን ይናገራል። የሚያስወቅሰው አይደለም።

እኔ፦ ቴኔሪፍስ ታዲያ? እ.ኤ.አ. በ1977። የኬኤልኤሙ ካፒቴን ከ11,000 ሰዓት በላይ የነበረው፣ የኩባንያው የአሠልጣኞች አለቃ ነበር። በጉም ውስጥ ሳይፈቀድለት ለመነሳት ሮጠ፤ 583 ሰው አለቀ። ሌሎቹ ከኮክፒቱ ውስጥ ጠርጥረው ጠይቀውት ነበር፤ እሱን የሚያስቆም ድፍረት ግን አልነበራቸውም። የካፒቴኑ ሰዓት ረዳቱን ዝም አሰኘው።

ጋሼ፦ እሱን ለእኔ አትንገሪኝ፤ በዚያ ዘመን ያደግኩት እኔ ነኝ። ካፒቴን ሲናገር ኮፍያ የሚወለቅበት ዘመን። ሰዓት ሰውን ሊያጠነክረውም ሊያደነድነውም እንደሚችል አይቻለሁ።

እኔ፦ አሁን ስለዚያ ከጎንዎ ተቀምጦ ስለነበረው ሰው ይንገሩኝ።

ጋሼ፦ ስሙን እተወዋለሁ፤ ሰው እንዲያነሳው የሚወድ አልነበረም። ሐምሌ ነው፤ ወደ ጎሬ እየሄድን። ማረፊያው ሣር ነው፣ ዙሪያው ተራራ። ስንደርስ ደመናው ተራራው ላይ ተኝቷል። በአንድ በኩል ተቀደደና ሜዳው ታየኝ። ደስ ብሎኝ «ታየ ካፒቴን፣ ታየ!» አልኩ። ምንም አላለኝም። አንድ ዙር ዞረና ወደ ጅማ ተመለሰ። ተሳፋሪው ተቆጣ፤ አንድ ሽማግሌ ለቀብር ነበር የሚሄዱት፣ አለቀሱበት። እሱ ይቅርታ ጠየቃቸው፣ ሻይ አዘዘላቸው። ከዚያ እኔን ጎን ወሰደኝና «የታየህ መግቢያው ነው። መውጫው ታይቶህ ነበር?» አለኝ። አልታየኝም ነበር። በቀዳዳው ገብተን ማረፍ ቢያቅተን ከፊታችን ተራራ ነው፣ ከላያችን ደመና። በሎግቡኬ ላይ ያ ቀን አንድ ሰዓት ከ40 ተብሎ ተጽፏል፤ «ጅማ» ይላል እንጂ ሌላ ነገር የለውም። ከ30 ዓመቱ ውስጥ በሕይወት ያቆየችኝ ግን እሷ አንድ ሰዓት ከ40 ትመስለኛለች።

እኔ፦ እና የእርስዎ 220 ብቻውን አልነበረም።

ጋሼ፦ ብቻውን ቢሆንማ ዛሬ ከአንቺ ጋር ቡና አልጠጣም። በትንሽ ሰዓት ልጅን ወንበር ላይ ማስቀመጥ ይቻላል፤ ዓለም ሁሉ ያደርገዋል፣ አውሮፓም ያደርገዋል፣ አውሮፓም በደኅና ይበራል። ግን በካፒቴኑ ግራ ወንበር ላይ ያለው ሰው አስተማሪ መሆን አለበት። የቡፋሎዋ ልጅ ግራዋ ላይ ማን ነበር?

እኔ፦ ብዙ የብቃት ፈተና ወድቆ ያውቃል፤ ሲቀጠርም ሁሉንም አልተናገረም። በዚያ ዓይነት አውሮፕላን ላይ የነበረው 111 ሰዓት ብቻ ነው። እሷ ደግሞ ሌሊቱን ከሲያትል በአውሮፕላን አድራ ተጉዛ፣ ጉንፋን ይዟት ነው ሥራ የገባችው። ደመወዟ ኒውአርክ አጠገብ ቤት ለመከራየት የሚበቃ አልነበረም።

ጋሼ፦ ስለዚህ እሷ አንድ የብርድ ወራት የሚያስተምራት ሰው ስትፈልግ፣ አጠገቧ ያስቀመጡላት ራሱ መማር የሚያስፈልገውን ሰው ነው። ይህንን 1,500 ያስተካክለዋል?

እኔ፦ እሱ አያስተካክለውም። ቤተሰቦቹ ግን 1,500ውን ብቻ አላስወጡም፤ ይህ ይዘነጋል። የአብራሪ ፈተና ውጤት በአንድ መዝገብ እንዲያዝና ቀጣሪ እንዲያየው፣ ከሥራ በፊት 10 ሰዓት ዕረፍት፣ ከዚያም ውስጥ 8 ሰዓት የመተኛት ዕድል እንዲኖር፣ ስቶልን በሲሙሌተር እስከ መጨረሻው እንድንለማመድ ያደረጉት እነሱ ናቸው። ሰው ሁሉ የሚያነሳው 1,500ውን ነው፤ ቁጥር ለመጥራት ይቀላል። ከ2009 በኋላ እስከ ጃንዋሪ 2025፣ ፖቶማክ ላይ ያ ሄሊኮፕተርና የመንገደኛ አውሮፕላን ተጋጭተው 67 ሰው እስካለቀ ድረስ፣ በአሜሪካ አየር መንገዶች ላይ እንዲህ ያለ አደጋ አልደረሰም። ይህ ሁሉ የ1,500 ሥራ ነው የሚሉ አሉ። እኔ ዕረፍቱና ሥልጠናው ይበልጣሉ ባይ ነኝ፤ ነጣጥሎ ማስረዳት ግን አልችልም።

ቡናው በረካ ላይ ደረሰ። ለመጠየቅ ስፈራው የቆየሁትን ጥያቄ ያኔ አነሳሁት።

እኔ፦ ጋሼ፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302 የወደቀ ጊዜ እዚህ ነበርኩ፣ ገና ተማሪ ሆኜ። በየቴሌቪዥኑ የሚጠራው ቁጥር አንድ ነበር፦ 361። የረዳት አብራሪው ሰዓት። አብረውኝ የሚማሩት ሳይቀሩ «361 ሰዓት? እኛ አገር እኮ አይፈቀድም» ይሉኝ ነበር። መልስ አጣሁ።

ጋሼ፦ ስለዚያ ልጅ የሚያውቁት ቁጥሩን ብቻ ነው። የመጀመሪያውን ሪፖርት አንብበሽዋል? ከተነሱ ሦስት ደቂቃ ሳይሞላ፣ አውሮፕላኑ አፍንጫውን እየደፋ ሳለ፣ «ስታብ ትሪም ከት አውት»፣ የጅራቱ ማስተካከያ ኤሌክትሪክ ይጥፋ፣ ብሎ ሁለት ጊዜ የተጣራው እሱ ነው። ካፒቴኑ ተስማማ፣ እሱ አጠፋው። ቦይንግ ከላየን ኤር አደጋ በኋላ አድርጉ ያለውን ነው ያደረገው። 25 ዓመቱ ነው። አጠገቡ ያለው ካፒቴን 29፣ ከ8,000 ሰዓት በላይ የበረረ። ካጠፉት በኋላ ትሪሙን በእጅ ሊያዞሩት ሞከሩ፤ በዚያ ፍጥነት አልዞር አለ።

እኔ፦ የሞተሩ ኃይል ግን እንደተነሱ ነው የቆየው። ፍጥነቱ ከገደብ ያለፈው ለዚያ ነው። በሺህ የሚቆጠር ሰዓት ያለው ረዳት ቢሆን «ጋዙን ቀንስ» ባለ ነበር ይላሉ።

ጋሼ፦ ይሆናል። አልክድም። በዚያ ጭንቀት ውስጥ፣ መሪው እየተንቀጠቀጠ፣ መብራቱ ሁሉ እየበራ፣ ማን ምን ያያል የሚለውን ወንበሩ ላይ ያልነበረ ሰው አይፈርደውም። ግን እዚያው ላየን ኤርን ልጠይቅሽ። አምስት ወር ሳይሞላ ቀድሞ፣ በዚያው ዓይነት አውሮፕላን፣ አፍንጫውን በራሱ በሚደፋው በዚያው ኤምካስ በተባለ ሥርዓት፣ 189 ሰው አለቀ። የዚያኛው ረዳት 5,174 ሰዓት ነበረው። ካፒቴኑ ከ20 ጊዜ በላይ አፍንጫውን ቀና አድርጎ ሲታገል ቆይቶ መሪውን ለረዳቱ ሰጠው፤ ከዚያ ወደቁ። መጽሐፋቸው ውስጥ አሠራሩ ያልተገለጸ ሥርዓት፣ ከአንድ መለኪያ የተሳሳተ ቁጥር ተቀብሎ አውሮፕላኑን ሲደፋባቸው 5,174 ሰዓት ምን ረዳው? እዚያ ስለ ሰዓት ያወራ አልነበረም። እኛ ጋ ሲደርስ ነው 361 የመጣው። 157 ሰው ቀብረን፣ ያንን ልጅ ደግሞ በቁጥሩ ዳግመኛ ቀበሩት።

እኔ፦ ስለዚህ 361 ይበቃል ይላሉ?

ጋሼ፦ አላልኩም! ይህን እንዳትጽፊብኝ። 361 ያለው ልጅ ወንበሩን ሲይዝ ካፒቴኑ የሁለት ሰው ሸክም ነው የሚሸከመው። እኔም ካፒቴን ሆኜ ተሸክሜዋለሁ። ሰላም በሆነ ቀን ያስደስታል፤ ታስተምሪያለሽ። ክፉ ቀን ሲመጣ ግን ዞር ብለሽ የምትጠይቂው ሰው እንዲኖርሽ ትፈልጊያለሽ። ያ ክፉ ቀን የማሽኑ ጥፋት ሲሆን ጥፋቱን ከማሽኑ ላይ አንስተው ልጁ ላይ አይጫኑበት ነው የምለው።

እኔ፦ ታዲያ ደንቡን እርስዎ ቢጽፉት?

ጋሼ፦ አንቺ ጻፊው፤ የምትበሪው አንቺ ነሽ።

እኔ፦ ቁጥሩን ልተወው። ወደ 200 መልሱት የሚሉት ኩባንያዎች ብዙውን ጊዜ የሚያሳስባቸው የሰው እጥረት ነው፤ እኔም ቸኩዬ ከነሱ ጋር መሰለፍ አልፈልግም። በመሣሪያ የሚበረረውን 75 ሰዓት ግን እጥፍ አድርጌ፣ ከፊሉ እውነተኛ ደመና እንዲሆን እጽፋለሁ። አንድ ሙሉ የብርድ ወራት፣ በረዶ በሚጥልበት አገር፣ ከሚያውቅ ሰው ጋር። ሁለት ሰው ተግባብቶ በሚያበርረው ኮክፒት ውስጥ አንዱ ሌላውን «ተው» ማለት የሚለምድበት ጊዜ። ይህ ሁሉ ያለው ሰው በ900 ቢመጣ አስገባዋለሁ፤ የሌለው በ3,000 ቢመጣ አቆየዋለሁ።

ጋሼ፦ ግራ ወንበሩንስ?

እኔ፦ እሱን አልደረስኩበትም።

ጋሼ፦ ጨምሪበት። ጀማሪ የሚሰጠው ካፒቴን ማስተማር የሚችል መሆኑ ይመርመር። እኔን ያ ሰውዬ ባያገኘኝ... እስቲ ሎግቡክሽን ስጪኝ። ይኸው፣ ይቺ አስተያየት የሚጻፍባት ቦታ። ባዶ ናት። ገጹ ሁሉ ባዶ ነው። ያ ተማሪሽ ከማኮብኮቢያው በላይ ያቀናበት ቀን የትኛው ነው?

ፈልጌ አገኘሁት። 1.1 ሰዓት ይላል፣ ማናሰስ፣ ስድስት ማረፍ። ከሌሎቹ መስመሮች በምንም አይለይም።

ጋሼ፦ ነገስ ተማሪ አለሽ?

እኔ፦ ማታ 1 ሰዓት ላይ። የሌሊት በረራ ገና መጀመሩ ነው። እዚያው ዙር ላሠራው ነበር ያሰብኩት... ሻርሎትስቪል ልወስደው እችላለሁ። ደርሶ መልስ ከ100 ማይል በላይ ነው፤ ወደ ብሉ ሪጅ ተራሮች ስንቃረብ ከታች መብራቱ ይሳሳል፣ አድማሱ ይጠፋል። እስካሁን ጨለማ ማለት ምን እንደሆነ አላየም።

ጋሼ፦ ደመናውስ?

እኔ፦ ከሰዓት በኋላ ትንበያውን አየዋለሁ። ዝቅ ያለ ከሆነ አንሄድም። መንገድ ላይ ከወረደብን ወዴት እንደምንመለስ ሳንነሳ በካርታ ላይ እሱ ራሱ እንዲያሳየኝ አደርጋለሁ።

ጋሼ፦ ሴስናሽ ኋላ ወንበር አላት?

እኔ፦ አላት፣ ሁለት። ወፍራም ጃኬት ይያዙ፤ የኋላው ማሞቂያ ደካማ ነው።